ጀልባ ከቤት ምን ያህል ትራቅ? በቼሳፒክና በፖቶማክ ያየኋቸው ሦስት ማሪናዎች

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሰው ጀልባ ለመግዛት ሲነሣ ስለ ሞተሯ፣ ስለ ሸራዋና ስለ ዕድሜዋ ብዙ ይጠይቃል፤ የምትታሰርበትን ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ዋጋውን ብቻ አይቶ ነው። እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን፣ 27 ጫማ ርዝመት ያላትን ባለ ሸራ ጀልባዬን በተለያዩ ዓመታት በሦስት ማሪናዎች (የጀልባ ማቆሚያ ወደቦች) አቆይቻታለሁ። የመጀመሪያው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሮክ ሆል ከተማ አጠገብ፣ ሁለተኛው ከአናፖሊስ በስተደቡብ፣ ሁለቱም በሜሪላንድ ግዛት የሚገኙ ሲሆን፣ ሦስተኛው እዚሁ አሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ዋሽንግተን ሴሊንግ ማሪና ነው። የሁለቱን ስም የማልጠቅሰው፣ የምተቸው ነገር በአብዛኛው የእነርሱ ጥፋት ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ስለሆነ ነው።

በሮክ ሆል አካባቢ ያለው ማሪና በውኃው ከሦስቱም ይበልጣል። ከማሰሪያው ተፈትቶ ጥቂት እንደተጓዙ ሰፊው ባሕረ ሰላጤ ይከፈታል፤ ነፋሱን የሚያግደው ሕንፃም ሆነ ዛፍ ስለሌለ ሸራ የሚወድ ሰው የሚመኘው ሁሉ እዚያ አለ። የዓመቱ ክፍያ ዝቅተኛ፣ መታጠቢያ ቤቱ ንጹሕ፣ ሠራተኞቹም ትሑታን ነበሩ። ችግሩ የሚጀምረው ከመኪናው ነው። ሮክ ሆል በውኃ ሲታይ ከአናፖሊስ ብዙም የማይርቅ ሆኖ ሳለ፣ በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጠውን ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ ተሻግሮ፣ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ በቼስተርታውን በኩል መዞር አለበት። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ፣ በ1973 ደግሞ ሁለተኛ ድልድይ ጎን ለጎን የተሠራለት፣ ከአራት ማይል በላይ ርዝመት ያለው ነው፤ በበጋ ዓርብ ከሥራ በኋላ ወደ ባሕር ዳርቻ መዝናኛዋ ኦሽን ሲቲ የሚጎርፈው ሕዝብ ሁሉ የሚያልፈውም በዚሁ ነው። እሑድ ማታ ያው ሰልፍ ወደዚህ ይመለሳል። ስለዚህ በካርታ ላይ ሁለት ሰዓት የማይሞላ የሚመስለው መንገድ፣ የዕረፍት ቀኑን ከሁለቱም ጫፍ ይበላዋል።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ የቅዳሜና የእሑድ ሰዓት ቀድሞውኑ የተያዘ ነው። ቅዳሜ ሰርግ ወይም ክርስትና አለ፤ እሑድ ቅዳሴው የሚያልቀው ወደ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የማይቀር ለቅሶ ወይም የዕቁብ ቀን ይመጣል። ሁለት ቀን ሙሉ የሚጠይቅ ጀልባ ከዚህ ሁሉ ጋር ይጋጫል፤ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚበቃው ጀልባ ግን በመሐል ይገባል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ በፊት አስልታ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሮክ ሆል በነበርንበት ጊዜ «ጀልባው የማን ነው፣ የእኛ ወይስ የማሪናው?» ትለኝ ነበር።

ርቀቱ የሚጎዳው ደስታን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ነው። ማንም ያልጎበኛት ጀልባ ዝም ብላ አትቆይም። የዝናብ ውኃ ከወለሉ ሥር ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ያን ውኃ እየደጋገመ ሲያወጣ ባትሪው ይደክማል፤ ፍራሾቹ ይሻግታሉ፤ በሸራው መሸፈኛ ሥር ተርብ ቤቱን ይሠራል። እዚህ አገር ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት፣ ሳይነካ ከቆየ ከአየሩ እርጥበት ይስብና ትንሿን የውጭ ሞተር ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ካርቡረተሯን፣ ይደፍንባታል። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ገመዱ ነው። ከአንድ ኃይለኛ የነሐሴ ነጎድጓድ በኋላ በደረስኩ ጊዜ፣ የኋለኛው ማሰሪያ ከብረት መሿለኪያው ጋር ሲፋተግ የከረመበት ቦታ ላይ የውጪው ሽመና ተበልቶ እንደ ጥጥ ተበትኖ፣ ውስጡ ያሉት ነጫጭ ክሮች ተገልጠው ነበር፤ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማዕበል ሲጠበቅ ገመዶችን እንደሚያዩልኝ በውሉ ላይ ተጽፎ፣ ለዚህም ለብቻው ከፍዬ ነበር፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ግን ስልካቸውን የሚያነሣ አልተገኘም። ቤቱ በሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን አገልግሎት መግዛት አያስፈልገውም፤ ሄዶ ራሱ ያጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ አናፖሊስን ባጥለቀለቀ ጊዜ የሆነውን የሚያስታውሱ የጀልባ ባለቤቶች ስለዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም።

ከአናፖሊስ በስተደቡብ ያለው ማሪና መካከለኛ ነው። ድልድዩን መሻገር ስለማይጠይቅ መንገዱ በግማሽ ያህል ይቀላል፤ ውኃው ያው ባሕረ ሰላጤ ነው። ዋጋው ግን የቦታው ስም የሚያስከፍለውን ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ባርናክል የሚባሉት ቅርፊታም ተጣባቂዎች የጀልባዋን ሆድ ይወርሱታል፤ በበጋም ጄሊፊሹ ልጆችን ከዋና ይከለክላል። ለማን እንደሚሆን ብጠየቅ፣ ዋሽንግተንን ከሚዞረው አውራ ጎዳና ከቤልትዌይ በስተምሥራቅ ለሚኖር፣ ለምሳሌ በቦዊ ወይም በላርጎ ቤት ላለው ሰው፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለአሌክሳንድሪያ ሰው ግን በሥራ ቀን ምሽት የሚደረስበት አይደለም።

ዋሽንግተን ሴሊንግ ማሪና በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይዞታ ላይ፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ይገኛል። የማውንት ቨርነን የብስክሌት መንገድ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ከአሌክሳንድሪያ አሮጌ ሰፈር ከኦልድ ታውን በብስክሌት መድረስ ይቻላል፤ ጉድለቶቹን ከመዘርዘሬ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ጉድለቶቹ ብዙ ናቸውና። አውሮፕላኖቹ ከራስ በላይ እየጮኹ ይወርዳሉ፤ የወንዙ ነፋስ በዳርቻው ዛፎችና ሕንፃዎች እየተሰባበረ አሁን ከዚህ፣ አሁን ከዚያ ይመጣል፤ ከዋናው መስመር ውጭ ወንዙ ጥልቀት ስለሌለው ረጅም ኪል (ከሆዷ ሥር ወደ ውኃው የሚወርድ ክንፍ) ያላት ጀልባ ደለል ላይ መቀመጧ አይቀርም፤ በበጋ ማብቂያ ሃይድሪላ የተባለው የውኃ አረም ሞተር ላይ ይጠመጠማል። የውኃው ከፍታ ከባሕሩ መሙላትና መጉደል የተነሣ ወደ ሦስት ጫማ ያህል ከፍ ዝቅ ስለሚል ገመድ ሲታሰር ልቅ መተው ያስፈልጋል፤ አናፖሊስ ላይ ልዩነቱ አንድ ጫማ ያህል ብቻ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው መውረድ ያማረውም ወደ 100 ማይል የሚሆን የወንዝ ጉዞ ይጠብቀዋል፤ በዝግታ ለምትሄድ ባለ ሸራ ጀልባ ይህ ሁለት ሙሉ ቀን ነው።

ይህ ሁሉ እያለ፣ ለእኔ የተሻለው ይኸኛው ነው። ውኃው ጨው ስለሌለው ባርናክል አያስቸግርም። ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ጀምበር ሳትጠልቅ ሸራ እዘረጋለሁ፤ ነፋስ ከሌለም ወለሉን አጥቤ፣ ባትሪውን አይቼ ለራት ቤቴ እመለሳለሁ። ሮክ ሆል ሳለሁ እንዲህ ያለ አጭር ጉብኝት የማይታሰብ ስለነበር፣ ትንሹ ብልሽት ሁሉ እስከ መጪው ጉዞ እየቆየ ትልቅ ይሆን ነበር። ከሮክ ሆል ይልቅ እዚህ በወር የምከፍለው ጭማሪም ቢሆን ከቤንዚን፣ ከድልድይ ክፍያና ለሌላ ሰው ከሚሰጥ የጥገና ገንዘብ በሚተርፈው ይካካሳል።

ግዛት አቋርጦ ማቆም ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ዓመታዊው የንብረት ግብር የሚታሰበው ጀልባዋ በምትቆምበት አውራጃ ወይም ከተማ ሲሆን መጠኑም እንደየቦታው ይለያያል፤ ሜሪላንድ ደግሞ ጀልባዋ በዋናነት የምታገለግለው በውኃዋ ላይ ከሆነ ከዋጋው 5 በመቶ አንድ ጊዜ ታስከፍላለች። ከመድን ድርጅቱ ጋርም ማቆሚያውን ከመቀየር በፊት መነጋገር ያሻል፤ ውሉ የሚጻፈው ጀልባዋ የምትታሰርበትን ቦታ ጠቅሶ ነውና። የማሪና ኪራይ ብዙውን ጊዜ ለወቅቱ በሙሉ አስቀድሞ ስለሚከፈል፣ ከመፈረም በፊት በሐምሌ አንድ ዓርብ፣ ልክ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ መንገዱን ከቤት እስከ ማሰሪያው ድረስ በመኪና ሄዶ ማየት ይገባል።