ለቤት ሶላር፦ ባለ 48 ቮልት ባትሪ ወይስ ባለ 400?

ምጣድ ሲሰካ ልዩነቱ ፍንትው ይላል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚበላ የእንጀራ ምጣድ ገበያው "ባለ 48" ከሚለው የሊቲየም ባትሪ (ትክክለኛ ቮልቱ 51.2 ነው) ወደ 68 አምፔር ይስባል። ከባለ 400ው ግን 9 አምፔር እንኳ አይሞላም። በገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ባለ 48ቱ ወፍራምና አጭር ገመድ፣ በደንብ የጠበቀ ብሎንም ይፈልጋል። አንዴ ብሎኑ ላልቶ የገመዱ ጫፍ ፕላስቲክ ጠቁሮ አግኝቼዋለሁ።

ባለ 400ው ቀጭን ገመድ ይበቃዋል፣ ብክነቱም ያንሳል። ነገር ግን 400 ቮልት ዲሲ (ከባትሪ የሚወጣው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ቀልድ አይደለም፤ ብልጭታው አንዴ ከተነሳ እንደ ኤሲው (የቤት ሶኬት ኤሌክትሪክ) በየቅጽበቱ ዜሮ ስለማይነካ በቀላሉ አይጠፋም። ለሰፈር ኤሌክትሪሺያን አልሰጠውም። (48ቱም ቢሆን መፍቻ ወድቆ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ብረት ያቀልጣል።)

ብልሽት ላይ ባለ 48ቱ ይሻላል። ባትሪዎቹ ጎን ለጎን ስለሚገናኙ አንዱ ቢሞት ሌላው መብራቱን ይዞ ያድራል፤ ዘንድሮ አንድ፣ ከርሞ ሌላ መጨመርም ይቻላል። ባለ 400ው በተከታታይ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይቆማል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ፣ ቲቪና አምፖል ለማቆየት ለሚፈልግ ቤት እኔ ባለ 48ቱን እመርጣለሁ። ዳቦ ቤት ወይም ፔንሲዮን፣ ባለ ሶስት ፌዝ መስመር ያለው፣ ባለ 400ውን ቢያስብ ያዋጣዋል። የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር አስቀድሞ ከተገዛ ግን ምርጫው አልቋል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።