የዋጋውን ወረቀት ሳትልጡ የአበባ ዘር እንዳትገዙ (ባሕር ዳር)

ዛሬ ሐምሌ 3 ነው። ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። የዶሮ መኖ፣ የጎመን ዘርና የተባይ መድኃኒት አንድ ላይ ተደርድሮ፣ የአበባው ፓኬት በሽቦ ተሰክቶ በራፉ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውልበት። «የሆላንድ ነው፣ ኤፍ ዋን (የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ዘር) ነው» ይሏችኋል። ስድስት ፓኬት የፔቱኒያ አበባ ዘር በ1,500 ብር ገዛሁ።

ሰኔ 10 ዘራሁ። የፔቱኒያ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይለብስም። በተነፋ ኮምፖስትና አሸዋ ላይ በትኜ በጣውላ ጫን ጫን አደረግኩት፣ ከሥር አጠጣሁ፣ በላስቲክ ሸፈንኩ። በ7፣ ቢዘገይ በ14 ቀን መውጣት ነበረበት። ይኸው 23 ቀኑ፤ አንድም የለም። እዚያው ትሪ ጥግ ላይ የዘራሁት የራሴ የማሪጎልድ አበባ ግን በ5ኛው ቀን ወጥቷል።

ባዶ ፓኬቶቹን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «እህቴ፣ አበባ እጅ ይፈልጋል፤ እጅሽ አልተስማማው ይሆናል» አለኝ። አጠገቡ ያለችው ሳቀች። የዋጋው ወረቀት ጫፉ ተነስቶ ነበር፤ በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ የማብቂያ ቀኑ በፈረንጅ 08/2023 ይላል። ሁለተኛውን ላጥኩ። ሦስተኛውን። ስድስቱም ላይ ወረቀቱ የተለጠፈው ልክ ቀኑ ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለ! ልጁ ከእጄ ነጠቀኝና «የደረቀ ነገር ምን ይበላሻል?» አለ። ብሬን ስጠይቅ «ደረሰኝሽስ?» ተባልኩ።

ይበላሻል እንጂ! ዘር ሕይወት አለው፤ ሙቀትና እርጥበት ይገድሉታል። ሽቦው የውስጡን ፎይል በስቶታል፤ በዚያ ቀዳዳ እርጥበት ይገባል፣ ፀሐዩ ደግሞ ከላይ ይቀቅለዋል። እንዲህ የተሰቀለ ፓኬት ቀኑ ባያልፍም አይታመንም።

ገንዘቡ ይቅር፣ ጊዜው ነው የሚያንገበግበኝ። ፔቱኒያ ከዘር እስከ አበባ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ለእንቁጣጣሽ አሁን ቢዘራ አይደርስም። ቀኑ የት እንደሚጻፍ እያወቅኩ ፓኬቱን አገላብጬ ሳላይ ከፈልኩ። ደረሰኝም አልጠየቅኩም። ይህ የራሴ ጥፋት ነው።

እናንተ ወረቀቱን አስልጡ፣ የተበሳ ፓኬት አትንኩ፣ ደረሰኝ ያዙ። ትሪ ከመሙላታችሁ በፊት 10 ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ ሞክሩ። ለመስከረም አበባ የምትፈልጉ አጭሩን ማሪጎልድ በዚህ ሳምንት ዝሩ፤ 8 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል።