ቲንክፓድ ቲ430 ከብየዳ በኋላ፦ የወራት ልምዴ

ይህ ላፕቶፕ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 ሦስተኛ ትውልድ፣ ግራፊክሱ (ምስል የሚያዘጋጀው ክፍል) ኢንቴል ኤችዲ 4000። ያገለገለ ገዝቼ ለሥራም ለጌምም ስጠቀምበት ቆየሁና ቻርጅ ማድረግ አስቸገረ። ገመዱን ወደ አንድ ጎን ጫን ካላሉት አይሞላም። ያሳየሁት ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ሄዷል፣ ሌላ ብትገዛ ይሻልሃል» አለኝ። ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ግን ደህና ነበር።

ቲ430 ላይ የቻርጀሩ መሰኪያ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ አይደለም፤ በአጭር ሽቦ ነው የሚገናኘው። ስለዚህ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይሄ ሽቦ ነው። በመልቲሜትር ስለካው ቻርጀሩ ጫፍ ላይ 20 ቮልት አለ፤ ከሽቦው ማዶ ግን ሲነካ ይመጣል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል።

ባትሪውን አውጥቼ ላፕቶፑን ፈታሁት። መሰኪያው ጀርባ ላይ አንዱ ሽቦ በሁለት ሦስት ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። የዓመታት መጎተት ነው። የጠቆረውን ጫፍ ቆረጥኩ፣ ላስቲኩን ላጥኩ፣ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀባሁና ሽቦውን ለብቻው ሊድ (ቀልጦ የሚበይደውን ብረት) አጠጣሁት። ወሳኟ ነገር ይቺ ናት፦ ካውያው መጀመሪያ ሽቦውንና ብረቱን ያሙቅ፤ ሊዱ ከዚያ ራሱ ሰርጎ ይገባል። ካውያው ጫፍ ላይ የቀለጠ ሊድ ማንጠባጠብ ብየዳ አይባልም። 63/37 የሚባለው ሊድ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለጀማሪ ይመቻል። እርሳስ ስላለበት ግን ስትጨርሱ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፣ ጭሱንም አትሳቡ።

ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን እባካችሁ ተዉት። 65 ዋት ቻርጀር በ20 ቮልት ከ3 አምፔር በላይ ያሳልፋል። ላላ ያለ መጋጠሚያ ይግላል፣ ዙሪያውን ያለውንም ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ብየዳው እስካሁን ንቅንቅ አላለም። በየቀኑ ይሰካል፣ ይነቀላል።

ጌሙ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ራም (ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚሠራበት ሜሞሪ) ነው። ኤችዲ 4000 የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ነው የሚበደረው። የእኔ 8 ጂቢ በአንድ ፍሬ ነበር። ሁለተኛውን ስሎት በሌላ 8 ጂቢ ስሞላው መረጃ የሚያልፍበት ፍጥነት በሰከንድ ከ12.8 ወደ 25.6 ጂቢ አደገ፤ ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ። ፔስ 2017 የሚባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ኮርነር ሲመታና ሳጥኑ በተጫዋች ሲሞላ ስታክ ያደርግ ነበር። አሁን ያልፋል። ኤስኤስዲም (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) ገጥሜለታለሁ። ዊንዶውስ ቶሎ ይነሳል፣ ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፤ ሜዳ ከገባችሁ በኋላ ግን ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) አይጨምርም። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃና ዓላማችሁ ጌም ከሆነ ራሙን አስቀድሙ።

ሌላው ሙቀት ነው። የፕሮሰሰሩ ፓስታ (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር፤ ፋኑም በአቧራ ታፍኗል። ጌም ሲከፈት ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋና ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዚህ ነው ጌሙ መጀመሪያ ደህና ሄዶ ከቆይታ በኋላ የሚጎተተው። ፋኑን ጠርጌ ፓስታውን ከቀየርኩ ወዲህ 80 አካባቢ ይረጋል። ጌም ያፈጥናሉ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ይህን አይተኩም፤ እኔ አጥፍቻቸዋለሁ።

ጂቲኤ 5ን በ1280 በ720፣ ሁሉንም ነገር ዝቅ አድርጌ እጫወታለሁ። ከተማ ውስጥ በፍጥነት ሲነዳ አሁንም ይቆራረጣል። ግራፊክሱ የፕሮሰሰሩ አካል ስለሆነ አይቀየርም። ስክሪኑም ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይገረጣል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 2025 ላይ አብቅቷል። የባንክ ጉዳይ የምትሠሩበት ከሆነ ይሄ ከጌሙ በላይ ያሳስባችሁ። ኪቦርዱን ግን በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች አልለውጠውም።

ራም ልትገዙ ስትሄዱ የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስፈልጋችሁ ዲዲአር3 የሚባለው የላፕቶፕ ራም ዓይነት ነው። ዲዲአር4 ቢታገሉትም አይገባም።