ለመኪና ካምፒንግ የቱ መብራት ይሻላል? ረጅም ባር፣ ካሬ ፓውዛ፣ ስትሪፕ ወይስ ተንጠልጣይ

ለካምፒንግ የሚሆን የመኪና መብራት ፍለጋ ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ረጅሙ ባር ላይ ነው። ሻጩ ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው ሱቁ በሙሉ ነጭ ይሆናል፤ ወዲያው ወደ ዋጋ ይገባል። እኔ ግን ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ሰው መጀመሪያ የምመክረው እሱን አይደለም። ለማደሪያ የሚሻለው ትንሽ፣ ብርሃኑን በሰፊው የሚበትን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና ከአንድ ሁለት አምፔር በላይ የማይወስድ መብራት ነው። የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ሽቦ፣ ለፊውዝና ለሪሌ (ከባዱን ኃይል በማብሪያ ማጥፊያው ፋንታ ተሸክሞ ለሚያገናኘውና ለሚያቋርጠው ዕቃ) ይዋል።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መድረስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል። ከከተማ አርፍዶ የወጣ ሰው ላንጋኖ ዳር ቦታ የሚመርጠው በጨለማ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ሥራ ግን እዚያ ከደረሱ በኋላ ያለው ነው፦ ሽንኩርት መክተፍ፣ የድንኳን ችካል መምታት፣ ልጅ የጣለውን ጫማ መፈለግ። ይህ ሁሉ ከመኪናው አምስት ሜትር በማይርቅ ቦታ የሚሠራ ነው፤ ምሽቱንም ሙሉ ይቆያል።

ረጅሙ ባር ለመጀመሪያው ሥራ ጥሩ ነው። ከፖርቶመጋላው ፊት ሲታሰር ሩቅ ያሳያል፣ ጉድጓዱና ድንጋዩ ቀድሞ ይታያል። ችግሩ የሚያበራው ወደ ፊት ብቻ መሆኑ ነው፤ ምግብ የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ወይም ከጎን ነው። ብርሃኑ ኮፈኑ ላይ እየነጠረ የሾፌሩን ዓይን ይወጋል። የሰሜን ተራሮች ጉም ውስጥ ወይም የአፋር አቧራ ውስጥ ሲበራ ተመልሶ ፊት ላይ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። አስፋልት ላይ ጨርሶ ማብራት አይገባም፤ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

ካሬ ፓውዛ የምንለው 18 ወይም 27 ዋት የሆነው ትንሹ ነው። እኔ ለላንድክሩዘር፣ ለፕራዶና ለሃይሉክስ ባለቤቶች የምመርጠው ይህንን ነው፤ አንድ በኋላ፣ አንድ ምግብ በሚሠራበት ጎን። ስትገዙ ግን መስታወቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከፊቱ ልሙጥ ሆኖ ውስጡ ጎድጎድ ያሉ አንጸባራቂ ኩባያዎች ካሉት አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ መቺ ነው፤ ለካምፕ አይሆንም። መስታወቱ ላይ መስመር መስመር ያለው በታኙ ነው፤ እሱን ያዙ።

ስትሪፕ፣ ማለትም እንደ ሪባን የሚለጠፈው ቀጭን መብራት፣ ከሁሉም ትንሽ ኃይል ይወስዳል፤ ወደ ላይ በሚከፈተው የኋላ በር ውስጥ ሲለጠፍ ብርሃኑ ቀጥታ ሥራው ላይ ይወርዳል፣ ጥላም አይጥልም። የ12 ቮልቱ ጥቅል በየሦስት አምፖሉ የመቁረጫ ምልክት ስላለው በልክ ይቆረጣል። በሲሊከን የተሸፈነውን ምረጡ። ከጀርባው ያለው ማጣበቂያ በቆላ ሙቀት ይለቃል፤ የአሉሚኒየም ቻናል ውስጥ ቢገባ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ቢያዝ ይቆያል።

በዩኤስቢ ወይም በሶላር የሚሞላው ተንጠልጣይ መብራት መኪና አይነካም። ቪትዝ ላለው፣ መኪና ለተከራየ፣ ወይም በዓመት አንዴ ለሚወጣ ሰው ሌላ አያስፈልገውም። መንገድ ላይ እየሄዳችሁ ከመኪናው ሶኬት ይሞላል።

ወደ ባትሪው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዋቱን በ12 አካፍሉ፣ የሚወስደውን አምፔር ታገኛላችሁ። 120 ዋት ባር 10 አምፔር ነው። የመኪና ባትሪ 70 አምፔር ሰዓት (አንድ አምፔር ለ70 ሰዓት የሚሰጥ) ቢሆን ከግማሹ በታች ማውረድ ይጎዳዋል፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሲያበራ ለማምሸት አይደለም። ስለዚህ ባሩ ሞተር ጠፍቶ ቢበራ በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ድንበሩ ላይ ደርሷል። 10 ዋት ስትሪፕ በአምስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ትንሽ የሚበልጥ አምፔር ሰዓት ብቻ ይጨርሳል። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ደግሞ ባትሪው ራሱ አቅሙ ይቀንሳል። ቴስተር ይዛችሁ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ ለኩት፤ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሽ ላይ ነው፣ ይብቃው።

ያው ቴስተር ሱቅ ውስጥም ይጠቅማል። ካርቶኑ ላይ 240 ዋት ተብሎ የተጻፈውን ባር አብርታችሁ አምፔሩን ለኩ። አምስት አምፔር ከሆነ 60 ዋት ነው የምትገዙት። የብርሃን መጠን የሚለካበት ሉመንም እንደዚያው ነው፤ 18 ዋት ሆኖ 20,000 ሉመን የሚል ጽሑፍ እውነት ሊሆን አይችልም፣ ከዚህ መጠን መብራት ሁለት ሺህ ገደማ ቢገኝ ጥሩ ነው። አይፒ 67 የሚለው ደግሞ አቧራ እንደማያስገባና ለግማሽ ሰዓት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ቢገባ እንደማይበላሽ የሚያመለክት ነው፤ የላቫጆን ኃይለኛ ግፊት ይችላል ማለት ግን አይደለም።

ስለ ቀለም (መለኪያው ኬልቪን ይባላል)፦ ነጩና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው 6,000 ኬልቪን የእሳት እራቱንና ጥንዚዛውን ሁሉ ወጥ ውስጥ ይጠራል። 3,000 ኬልቪንና ከዚያ በታች ያለው ቢጫ በጣም ይሻላል። ትንኝ ግን በዋናነት የምትመጣው በትንፋሻችንና በጠረናችን ስለሆነ ቢጫ መብራት አጎበርን አይተካም። የሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንካበር ወይም ጨነቅ፣ የምታድሩ ከሆነ መብራቱ ወደ መሬት ይዙር፤ ዋልያና ጭላዳው ያለው በእናንተው አካባቢ ነው፣ ጎረቤት ድንኳንም አለ። ኮከብ ማየት የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ነጭ መብራት ቦግ ቢል ያን ሁሉ ያጠፋዋል።

አሁን ማሰሩ። ጣሪያውን አትብሱ፤ ውሃ ያስገባል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። የፖርቶመጋላው ብረት ይበቃል። ማግኔት ያለው ቆሞ ለማብራት እንጂ ለኮረኮንች አይሆንም። ከፍታው ከሰው ዓይን በላይ፣ ሁለት ሜትር አካባቢ ሆኖ ፊቱ ወደ ታች ያዘንብል። ማብሪያ ማጥፊያው ኋላ በር አጠገብ ቢሆን በእራት ሰዓት ወደ ጋቢና መመላለስ ይቀራል።

ፊውዙ ከባትሪው 20 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሳይቃጠል በቅጠል። ሽቦው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን፤ የቤት መስመር የሚዘረጋበት አንድ ወጥ መዳብ በንዝረት ይበጠሳል። 10 አምፔር ለሚወስድ ባር አራት ሜትር ርቀት ላይ፣ ደርሶ መልሱ ተቆጥሮ፣ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 1.4 ቮልት ያህል ይበላል፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። ሽቦው በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ጎማ ይግባበት። ሪሌ የሌለው ባር ማብሪያ ማጥፊያውን ስለሚያቃጥል ሪሌውን የሚዘልል አውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ኤፍኤስአርና መሰሎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ የ12 ቮልት ስትሪፕ ቀጥታ አይገናኝባቸውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የሚወጣ ሰው በዝቷል። እነዚህም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ካለቀ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው ላይነሳ ይችላል። የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ማንም እንዳይነካው። ለነዚህ ተንጠልጣዩን መብራት ያዙ።

ብሎኑ ላይ ስፕሪንግ ሮንዴላ አስገቡና የመጀመሪያውን ኮረኮንች እንደጨረሳችሁ ቁልፍ ይዛችሁ አንድ በአንድ አጥብቁት።