ሃይግሮፊላ፣ ባኮፓ ወይስ ሮታላ? ለአኳሪየምና ለኩሬ የሚሆነው የትኛው ነው

ሦስቱም አገዳቸው ወደ ላይ እየረዘመ በየአንጓው ቅጠል የሚያወጡ የውሃ ተክሎች ናቸው። ሦስቱም ተቆርጠው አሸዋ ላይ ሲተከሉ ሥር ይሰዳሉ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ሃይግሮፊላ ዲፎርሚስን ነው። ትውልዱ ህንድና አካባቢዋ ነው። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃና መካከለኛ መብራት ካገኘ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባይጨመርለትም ያድጋል። ያውም በፍጥነት! ዓሦቹ የሚለቁትን አሞኒያ እየተሻማ ስለሚወስድ ገንዳውን አረንጓዴ ለሚያለብሰው አልጌ ብዙም አያስተርፍም። ጣጣውም ያው ፍጥነቱ ነው። ቶሎ ቶሎ ካልተቆረጠ ገንዳውን ይሞላዋል፤ የታችኞቹ ቅጠሎችም ብርሃን አጥተው ይረግፋሉ። ትንሽ ገንዳ ላለው ሰው አልመክርም። ቅጠሉ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካያችሁ ዓሣውን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የፖታሲየም እጥረት ነው።

ባኮፓ ካሮሊኒያና ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጣ፣ ዝግ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው። ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። መቁረጥ ለሚሰለቸው ሰው ይሄ ነው። ለኩሬም ከሦስቱ እሱን አስቀድማለሁ። ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ሲተከል አናቱ ከውሃ ወጥቶ ሰማያዊ አበባ ያወጣል።

ሮታላ ሮቱንዲፎሊያን ብዙ ሰው የሚገዛው ፎቶ አይቶ ነው። ያ ሮዝ ቀለም የሚመጣው በጠንካራ መብራት ነው። መብራታችሁ ደካማ ከሆነ አይሞትም፣ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ አገዳውም ይመነምናል። በግልጽ ለመናገር፣ ለመብራት የሚወጣውን ሳታስቡ አትግዙት።

ስትገዙ ከቅጠሉ ይልቅ አገዳውን እዩ። ብዙ አብቃዮች ተክሉን የሚያሳድጉት ከውሃ በላይ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሲገባ የድሮው ቅጠል ሊበሰብስ ይችላል። አገዳው ጠንካራ ከሆነ አትጣሉት፣ አዲስ ያወጣል። ሃይግሮፊላማ ሌላ ተክል እስኪመስል ይለወጣል፦ ውጭ ሙሉ የነበረው ቅጠል ውሃ ውስጥ የተተለተለ ይሆናል። በቲሹ ካልቸር (ከተክሉ በተወሰደ ትንሽ ቁራጭ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ) ተባዝቶ በታሸገ ዕቃ የሚሸጠው ከቀንድ አውጣና ከአልጌ ነፃ ነው፤ ችግኙ ግን ትንንሽ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኩሬ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የቆረጣችሁትን ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አትጣሉ። የዲፎርሚስ ዘመድ የሆነው ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማ ፍሎሪዳ ውስጥ ቦዮችን እየሞላ አስቸግሯል። አንዲት ቁራጭ አንጓ ካላት ትበቅላለች። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ ጣሉት።