ለእጅ ጌም ሚሞሪ ካርድ ስትገዙ፦ የትኛው ካርድ ለየትኛው ማጫወቻ?

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ ይዤ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዞርኩ። ልጁ ኔንቴንዶ ስዊች የሚባለው የእጅ ጌም ማጫወቻ አለው። ውስጡ ያለው 32 ጊጋ ሞልቶበት አንዱን ጌም ለመጫን ሌላውን ሲያጠፋ ከርሟል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ካርዶች ከፊታችን ተቀመጡ፤ ሁለቱም 256 ጊጋ ናቸው። አንደኛው ላይ «እስከ 150»፣ ሌላው ላይ «እስከ 190 ሜጋባይት በሰከንድ» ተጽፏል። የዋጋቸው ልዩነት ቀላል አልነበረም። ሻጩ «ወንድሜ፣ ለጌም ከሆነ ፈጣኑን ውሰድ» አለኝ። በቅንነት የተሰጠ ምክር ነው፤ ለስዊች ግን አይሠራም።

የመጀመሪያው ስዊች፣ ላይትና ኦሌድ የሚባሉት ዓይነቶቹም ጭምር፣ የካርድ ማስገቢያው ዩኤችኤስ-1 የሚባለው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነት ማስገቢያ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው። 190 የሚለው ቁጥር የሚገኘው ካርዱ አምራቹ ራሱ በሚሸጠው ማንበቢያ በኩል ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ነው። ስዊች ውስጥ ከገቡ ሁለቱም ያው ናቸው። የስዊች አምራች ኔንቴንዶ ራሱ የሚመክረው ከ60 እስከ 95 ሜጋባይት የሚያነብ ካርድ ነው። ስለዚህ ለፍጥነት ልትጨምሩት ያሰባችሁትን ብር ለመጠኑ ጨምሩት፦ ከፈጣን 128 ጊጋ ይልቅ ተራ 256 ይሻላችኋል።

ካርዱ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ምልክቶችም ሰው ያደናግራሉ። ዩ1 ማለት በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፤ ዩ3 እና ቪ30 ደግሞ ቢያንስ 30። እነዚህ በዋናነት ለቪዲዮ ቀራጮች የወጡ ናቸው። ለጌም የሚቀርበው ኤ1 እና ኤ2 የሚለው ነው፤ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው እየለቀመ የማንበብ ችሎታን ይለካል። ኤ1 በሰከንድ ቢያንስ 1500 ጊዜ፣ ኤ2 ቢያንስ 4000 ጊዜ ማንበብ አለበት። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ኤ2 ያንን የሚሰጠው የተሰካበት መሣሪያ አብሮ ሲያግዘው ብቻ ነው። ዋጋቸው ከተራራቀ እኔ ኤ1ን እወስዳለሁ።

ስዊች 2 ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንደ ፈረንጆቹ በ2025 የወጣው ይህ ማጫወቻ ማይክሮኤስዲ ኤክስፕረስ ከሚባለው ካርድ ውጪ ጌም አይጭንም። ተራውን ካርድ ብትሰኩበት ከድሮው ስዊች ያስቀመጣችሁትን ፎቶና ቪዲዮ ከመገልበጥ አያልፍም። ኤክስፕረሱ በሰከንድ እስከ 800 እና 900 ሜጋባይት ያነባል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። በውጭ ገበያ 256 ጊጋው መጀመሪያ ሲወጣ 60 ዶላር አካባቢ ነበር። ሱቅ ውስጥ «ያው ነው፣ ይሠራል» ከተባላችሁ አትቀበሉ። ኤክስፕረስ ካርድ ጀርባው ላይ ሁለት ረድፍ መገናኛ አለው፤ ያንን ማየት ብቻ ግን አይበቃም፣ ዩኤችኤስ-2 የሚባለው ካርድም ሁለት ረድፍ አለው። «ኤክስፕረስ» የሚለውን ቃል ማሸጊያውም ካርዱም ላይ ፈልጉ። ደግሞ ስዊች 2 ውስጡ 256 ጊጋ ስላለው ለካርድ አትቸኩሉ፤ እስኪሞላ ጠብቁ።

ስቲም ዴክ የሚባለው የእጅ ጌም ማጫወቻ ያላችሁ የመጀመሪያው ስዊች ምክር ይበቃችኋል፤ ማስገቢያው ያው ዩኤችኤስ-1 ነው። ትልልቆቹን ጌሞች ውስጡ፣ ትንንሾቹን ካርዱ ላይ አድርጉ።

ስለ ቻይናዎቹ የድሮ ጌም ማጫወቻዎች፣ ማለትም ስለ ሚዩ ሚኒና አንበርኒክ፣ ግን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ጌሞቹ ትንንሽ ስለሆኑ 64 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው፤ ፍጥነትም አያሳስብም። የሚያሳስበው አብሯቸው የሚመጣው ስም የለሽ ካርድ ነው፤ ቶሎ ይበላሻል። ስዊች ላይ ካርድ ቢበላሽ የደረሳችሁበት ደረጃ አይጠፋም፣ ማጫወቻው ውስጥ እንጂ ካርዱ ላይ አይቀመጥም። በነዚህኞቹ ግን ሁሉም ነገር ካርዱ ላይ ነው፤ ካርዱ ሲሞት የወራት ድካም አብሮት ይሄዳል። ገና ከካርቶኑ ስታወጡት ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና በታወቀ ካርድ ተኩት።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት፣ ወደ ሐሰተኛ ካርድ፣ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ «512 ጊጋ» ካርድ ገዛሁ። ማሸጊያው ያምራል፣ ኮምፒውተሩም 512 ብሎ አነበበው። የመጀመሪያዎቹ ጌሞች በደንብ ሠሩ። 30 ጊጋ ገደማ ካለፍኩ በኋላ የተጫኑት ሁሉ ተራ በተራ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ማለት ጀመሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውስጡ ያለው ትንሽ ካርድ ነው፤ የካርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ ግን ትልቅ ቁጥር እንዲናገር ተደርጓል። ቦታው ሲያልቅ አዲሱ ፋይል የድሮው ላይ ይጻፋል ወይም የትም ሳይጻፍ ይጠፋል። ዓይን አይለየውም፤ ፎርማት ማድረግም አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw)፣ ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 (F3) የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ሥራው ሰዓታት ስለሚወስድ ሱቅ ቆማችሁ አትጨርሱትም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኝ ጠይቁ፣ «ዛሬ ማታ እፈትነዋለሁ፤ ካልሆነ ነገ እመልሳለሁ» በሉ። እሺ ያላለ ሻጭ ጋ እኔ አልገዛም። 128 ጊጋው 119 ሆኖ ቢታያችሁ ግን አትደንግጡ፤ ያ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ኢንተርኔታችንን ስለማውቅ ነው። አንድ 15 ጊጋ የሚሆን ጌም በፓኬጅ ለማውረድ ምን እንደሚያስወጣ የከፈለ ያውቀዋል። ካርዱ ሲበላሽ ከካርዱ ዋጋ ይልቅ እሱን ሁሉ እንደገና ማውረድ ያማል። መብራትም አለ፦ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ወደ ካርድ ስትገለብጡ መብራት ከሄደ ፋይሉም፣ አንዳንዴ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው የካርዱ ማውጫም ይበላሻል። ላፕቶፕ ካላችሁ በሱ ሥሩ።

ለእህቴ ልጅ የወሰድነው ርካሹን 256፣ ኤ1 የሚለውን ነው። ማታ ላፕቶፑ ላይ ሰክተን ስንፈትነው ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ልጁ ከአጠገቡ አልተነሳም። ምንም ስህተት አልተገኘበትም። ስዊቹ መጀመሪያ ሲያየው ማሻሻያ ላውርድ ብሎ ኢንተርኔት ጠየቀ፤ ትልልቅ ካርድ ለሚያስገባ ሁሉ አንዴ የሚያጋጥም ነው። ከዚያ ያጠፋቸውን ጌሞች ከትንሹ ጀምሮ እያወረደ መመለስ ጀመረ።