እያበሰልን እንግሊዝኛ ለሚያለማምዱን መምህርት ምስጋና፣ ለፈላጊዎችም ጥቆማ

ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው በጋራ ምግብ እያበሰሉ እንግሊዝኛ ለሚያለማምዱን መምህርታችን ነው። ጥቆማው ደግሞ ሰዋስው ተምሮ፣ ቃላት አጥንቶ፣ ሊናገር ሲል ግን አንደበቱ ለሚተሳሰርበት ሰው ሁሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አልፈለጉምና አንጠራቸውም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር እናስረዳለን፤ «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ አስተማሪ ለሚመርጥ ሰው አይጠቅመውም።

ምግብ እያበሰሉ ቋንቋ መለማመድ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል ነው። ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይን ካየ ጆሮ ሥራ ይፈታል። አጠገቡ ያለውን ሰው እጅ እያየ መከተል የሚችል ተማሪ የሚጠይቅበትም የሚመልስበትም ምክንያት የለውም፤ ምግቡም በዝምታ በስሎ ይወጣል። መምህርታችን ከሌሎች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ሳይነጋገሩ ማብሰል እንዳይቻል አድርገው ያዘጋጁታል።

ዘዴው ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንደኛው የሥራውን ቅደም ተከተል በካርድ ይይዛል፤ መጠን ግን አልተጻፈበትም። ሁለተኛው መጠኑንና የሚፈጀውን ጊዜ ይይዛል፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አያውቅም። ሦስተኛው ወረቀት የለውም። ቢላዋው፣ ሳህኑና መጥበሻው በእሱ እጅ ናቸው። ካርድ ለሌላ ሰው ማሳየት ክልክል ነው። ስለዚህ ባለ ቢላዋው «ቀጥሎስ?» ብሎ ካልጠየቀ ሥራው ይቆማል፤ ባለ መጠኑም ቅደም ተከተሉን ካልሰማ ቁጥሩን መቼ እንደሚናገር አያውቅም። አራተኛ ሰው ካለ ሰዓት ይጠብቃል፣ በየሁለት ደቂቃው የቀረውን ጊዜ ይናገራል። ከአራት ሲበልጡ ቡድኑን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አለዚያ አንዱ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ካርዱን ለማን መስጠት እንደሚገባ የሚወስኑበት መንገድ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ብቻ የሚያውቀው ነው። ከሁሉ የተሻለ የሚናገረው ሰው ቅደም ተከተሉን አይዝም። ከያዘ መምህር ይሆንና ሌሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ብቻ ይመልሱለታል። እሱ ቢላዋውን ይይዛል፤ ያኔ ለመስማትና ለመጠየቅ ይገደዳል። መቁጠር የሚችል ግን ዓረፍተ ነገር የሚከብደው ሰው የመጠን ካርዱ ይሰጠዋል። ገና ምንም መናገር ያልደፈረ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን እየሰማ በእጁ ይሠራል እንጂ ተናገር አይባልም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ ትእዛዝ ሰምቶ በአካል መፈጸም ከመናገር ይቀድማል። በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዕቃዎቹ ላይ እንቅስቃሴ የሚለይ መሣሪያ (ሴንሰር) ገጥመው፣ ምግብ ሠሪው ያደረገውን እየተከታተለ ቀጣዩን መመሪያ በፈረንሳይኛ የሚነግር ወጥ ቤት ሠርተው ነበር። መምህርታችን ያን ሥራ የሚሠሩት በሁለት ካርድ ነው።

ክፍለ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ለቃላት፣ ቀጣዩ 45 ለማብሰል፣ የመጨረሻው 30 እየበሉ ለመነጋገር። አዲስ ቃል ከ12 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩም ግስ ነው፦ ፒል (መላጥ)፣ ቾፕ (መክተፍ)፣ ስላይስ (በስሱ መቁረጥ)፣ ፖር (ማፍሰስ)፣ ስተር (ማማሰል) የመሳሰሉት። የዕቃ ስም በጣት አሳይቶ ማለፍ ይቻላል፤ ግሱ ከጠፋ ግን ሥራው ራሱ አይነገርም። ከቃላቱ ይልቅ ዋጋ ያላቸው አራት አጫጭር ጥያቄዎችም በግድግዳ ወረቀት ላይ ተጽፈው ይሰቀላሉ። «ሃው ማች?» ለሚሰፈረው፣ «ሃው ሜኒ?» ለሚቆጠረው፣ «ካን ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ላልተሰማው፣ «ላይክ ዚስ?» ደግሞ እየሠሩ ለማረጋገጥ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ይዟት ይሄዳል፤ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ለመጠየቅ ከእሷ የሚቀል የለም።

ምግቡን የሚመርጡት ከሚያለማምደው ንግግር ተነስተው ነው። መጀመሪያ እሳት የማይነካው የፍራፍሬ ሰላጣ ይመጣል፤ መላጥ፣ መቁረጥ፣ መቁጠር። ቀጥሎ የአትክልት ሾርባ፦ 1 ሽንኩርት፣ 2 ካሮት፣ 2 ድንች፣ 1 ሊትር ውኃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ካሮትና ድንቹ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተደርገው ይከተፋሉ። ካሮቱ ጠንካራ ስለሆነ ከድንቹ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፤ በዚህም «ቢፎር» (በፊት) እና «አፍተር» (በኋላ) የሚባሉት ቃላት ያለ ማብራሪያ ይገባሉ። ሾርባው ዝግ ባለ እሳት 20 ደቂቃ ሲንተከተክ እጅ ሁሉ ባዶ ነው፣ ወሬው የሚደራውም ያኔ ነው። መምህርታችን እንዲህ እጅ የሚያሳርፍ ጊዜ የሌለውን ምግብ አይመርጡም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መማሰል የሚፈልግ ምግብ አፍ ያስይዛል።

ሦስተኛው ፓንኬክ ነው፤ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ትምህርት። 200 ግራም ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሳህን፤ 1 እንቁላልና 250 ሚሊ ሊትር ወተት በሌላ። ሁለቱ ይቀላቀሉና 10 ደቂቃ ያርፋሉ። እዚህ ያለው ቁልፍ ቃል «አንቲል» (እስከ) ነው። ካርዱ የሚለው ደረቅ ዱቄት እስከማይታይ ድረስ ብቻ አማስል፣ ትንንሽ ጓል ቢቀር ግድ የለም ነው። በእጁ የሚሠራው ሰው «አማስል» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የቀረውን ካመለጠው ሊጡ እስኪለሰልስ ይመታዋል። ያኔ ግሉተን የሚባለው የዱቄቱ ፕሮቲን ይጠነክርና ፓንኬኩ እንደ ጎማ ይሆናል። ማገላበጡም እንዲሁ ነው። ላዩ ላይ አረፋ እስኪወጣና ዳሩ እስኪደርቅ፣ በመካከለኛ እሳት ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ቀድሞ የተገላበጠው ይቀደዳል። መምህሯ «ገባችሁ ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ሳህኑ ይነግራቸዋል።

በትክክል መናገርን የሚያስገድዱ ሌሎች ቦታዎችም አሉ። ቲስፑን (የሻይ ማንኪያ) 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ቴብልስፑን (የሾርባ ማንኪያ) 15። ሁለቱን ያምታታ ሰው ጨውን ሦስት እጥፍ ይጨምራል። ፊፍቲን (15) እና ፊፍቲ (50) ደግሞ ለብዙ ጆሮ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ኃይሉን መጨረሻው ላይ፣ ሁለተኛው መነሻው ላይ ያደርጋል። መምህርታችን ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ አኃዙን ለየብቻ ያስደግማሉ፦ «ዋን፣ ፋይቭ»። የሰማው ሰውም መልሶ ይለዋል፣ ከዚያ በፊት ማንኪያ አይነሳም። ከሌላ አገር የመጣ የምግብ አሠራር ሲጠቀሙ ልኩን አስቀድመው ያስተካክሉታል። የአሜሪካው ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሌላ ቦታ 250 የሚሆንበት አለ። 350 ፋራናይት ሲባልም ወደ 180 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ምድጃውን አለልክ ያግለዋል።

ስለ ጩኸት የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አላየንም። ዘይት ሲንጫጫና የጭስ መሳቢያው ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠፉት እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉ ደካማ ድምፆች ናቸው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚሰማ ሰው የጎደለውን ከልምድ ይሞላዋል፤ ተማሪ ግን አይችልም። ስለዚህ መጥበሻው ከመጣዱ በፊት የሚጠበሰው ደረጃ በሙሉ ተነግሮ ያልቃል፤ ከተጣደ በኋላ የሚነገረው አንድ አንድ ቃል ብቻ ነው። ብዙዎች ተማሪው «አይሰማም» ብለው የሚተዉት፣ ችግሩ የወጥ ቤቱ ድምፅ ሆኖ ሳለ ነው።

ለደኅንነትም እንዲሁ ይጠነቀቃሉ። ከምንም ቃል በፊት «ስቶፕ» (ቁም)፣ «ሆት» (ትኩስ ነው)፣ «ቢሃይንድ ዩ» (ከኋላህ ነኝ) ይለመዳሉ። አደጋ ሲመጣ ግን በየትኛውም ቋንቋ መጮህ ይፈቀዳል። ቢላዋ የያዘ ሰው አያነብም፣ አይታረምም። ለለውዝ፣ ለወተት፣ ለእንቁላል ወይም ለስንዴ አለርጂ ያለበት ካለ ምግቡ ከመመረጡ በፊት ይጠየቃል።

አንድ ነገር ጨምረን እንናገር፤ ከታተመ የምግብ አሠራር በቀጥታ ማንበብ ንግግር አያስተምርም። በወረቀት ላይ «አድ ሶልት፣ ስተር ዌል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰው ለሰው ሲነጋገር ግን «አድ ዘ ሶልት፣ ስተር ኢት» ነው የሚባለው። ያንን አጭር አጻጻፍ የለመደ ሰው ገበታ ላይም እንደ ወረቀቱ ይናገራል። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ደግሞ የምግብ አሠራር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ጓደኛን በሚያዝዙበት የግስ ቅርጽ ሳይሆን በመዝገበ ቃላት በሚገኘው ቅርጽ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። መምህርታችን ካርዶቹን ሁሉ በንግግር ቋንቋ ራሳቸው ይጽፋሉ። አዲስ አሠራር ሲመጣም አስቀድመው በምድጃ ላይ ይሞክሩታል፤ ከስምንት ደረጃ ካለፈ ይቆርጡታል።

እርማቱ ከሥራው በኋላ ነው። ሥራው ሲካሄድ በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ፣ በገበታ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ከሦስት የማይበልጥ ስህተት ይነግራሉ፤ የሚመርጡትም ምግቡን ያሳሳተውን ወይም ደጋግሞ የመጣውን ነው። ከዚያ በእጁ ሲያበስል የነበረው የሠራውን በኃላፊ ጊዜ ይተርካል፣ ሌሎቹ የዘለለውን ይጨምራሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ምግብ ካርድ ተቀያይረው ይሠራሉ። «እንደገና ሾርባ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሥራው ሲታወቅ ሐሳብ ከምግቡ ወደ ንግግሩ ይዞራል፤ ያንኑ ተግባር መድገም ንግግርን እንደሚያቀላጥፍ በጥናትም የታየ ነው። ምግብ በየሳምንቱ የሚለዋውጥ አስተማሪ ቃላት ያበዛል እንጂ አንደበት አያፈታም ብለን እናምናለን።

ለሁሉም ሰው ይሆናል አንልም። ለጽሑፍ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። ቡድን መሄድ ለማይችሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ መምህርታችን የሚመክሩት የስልክ ዘዴ አለ። አንዱ ከቤቱ ሆኖ ካርዱን ይይዛል፣ ሌላው ከቤቱ ሆኖ ያበስላል፣ ምስል አይከፈትም። ሲያልቅ ብቻ የምግቡ ፎቶ ይላካል።

መምህርታችን፣ ካርዶቹን እያንዳንዱን በእጅዎ ጽፈው፣ ማንም ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር ስለደከሙልን ከልብ እናመሰግንዎታለን። ዕቃውን ቀድማ ሰፍራ ለምታዘጋጅልንና ቢላዋ ላይ ዓይኗን ለማትነቅለው ረዳትዎም ምስጋናችን ይድረሳት፤ ያለ እሷ 45 ደቂቃው አይበቃም ነበር።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን እንልክላችኋለን። ስትጽፉ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ከመካከላችሁ ማን ምን ያህል እንደሚናገርና የማይስማማችሁን ምግብ አብራችሁ ግለጹ። ሌላ አስተማሪ ካገኛችሁም ከመመዝገባችሁ በፊት «ካርዶችዎን ማየት እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ካርዶቹ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ከተጻፈ ሌላ ፈልጉ።